ብስኩት፣ ኢንዶሚና የአያት በሶ፦ ከደብረ ብርሃን ለተላከ ጥያቄ የሥነ ምግብ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄውን የላኩልን በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩና በመሥሪያ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ጠዋት ጊዜ ስለማይኖራቸው ልጆቻቸው ቁርሳቸውን ሻይ በብስኩት ያደርጋሉ፤ የሰባት ዓመቱ ልጅ በምሳ ዕቃው የሚይዘው ብዙ ጊዜ ኢንዶሚ ነው፤ የአራት ዓመቷ ልጅ ደግሞ ከሰፈር ሱቅ የታሸገ ጁስና ቺፕስ ካልተገዛላት ሌላ ምግብ አትቀርብም። አያታቸው ከመንዝ በሶና ቆሎ ይልካሉ፣ ልጆቹ ግን አይነኩትም። «አንዱ ጎረቤቴ የፋብሪካ ምግብ ሁሉ መርዝ ነው ይለኛል፤ ሌላዋ ደግሞ የታሸገ ስለሆነ ንጹሕ ነው፣ ቫይታሚንም አለበት ትለኛለች። የትኛውን ልመን? ትንሿ ልጄ ከእኩዮቿ ታጥራለችና ያሳስበኛል» ሲሉ ጠይቀዋል።

እመቤቴ፣ ሁለቱም ጎረቤቶችዎ ያሉት ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በጸና ቁጥጥር የተመረተ አንድ ፓኬት ብስኩት ማንንም አይመርዝም፤ ታሽጎ መምጣቱም በራሱ የሚገባ ምግብ አያደርገውም። ጉዳቱ ያለው ፓኬቱ ውስጥ ከተደበቀ አንድ ክፉ ነገር ላይ ሳይሆን፣ ፓኬቱ ከልጁ ሆድ፣ ከቤትዎ ገንዘብና ከማዕድዎ ላይ ገፍቶ በሚያስወጣው ምግብ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ «የታሸገ» የሚለው ቃል እጅግ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ውስጥ እንደሚያስገባ ልብ ይበሉ። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ካርሎስ ሞንቴሮና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ምግብን በዓይነቱ ብቻ ሳይሆን ባለፈበት የማቀነባበር ደረጃ የመመደብ ሐሳብ አቀረቡ። በዚህ አመዳደብ ገብስ፣ ባቄላ፣ ወተትና እንቁላል በመጀመሪያው ምድብ ይገኛሉ፤ የሸኖ ቅቤ፣ ዘይትና ጨው በሁለተኛው፤ ዳቦና አይብን የመሰሉ ቀለል ባለ ሥራ የሚዘጋጁት በሦስተኛው፤ ከተነጠረ ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይት፣ ከማጣፈጫና ከማቅለሚያ ተገጣጥመው በፋብሪካ የሚሠሩት፣ በቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሊሠሩ የማይችሉት ደግሞ በአራተኛው። ኢንዶሚ፣ ክሬም ያለው ብስኩት፣ ለስላሳ መጠጥና ባለ ቀለም የዱቄት ጁስ አራተኛው ምድብ ውስጥ ይገባሉ። አዮዲን ያለበት የታሸገ ጨው ግን አይገባም። እንዲያውም አፈሩ በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑን ባጣባቸው ደጋማ አካባቢዎች ለሚኖር ሰው አዮዲን ያለበት ጨው እንቅርትን የሚከላከል፣ የሕፃናትንም የአእምሮ እድገት የሚጠብቅ ነውና ፓኬቱን ትተው ወደ አሞሌ እንዲመለሱ የሚመክር ባለሙያ አይገኝም። በፓስተር ዘዴ በሙቀት ጀርሙ የተገደለ የላስቲክ ወተትም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የምናውቀው ፋፋም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን እገዛ የተዘጋጀና የታሸገ ምግብ ነበር፤ ነገር ግን የታሰበው ለተጎዱ ሕፃናት የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን ለመስጠት ነው። ስለዚህ ፋብሪካን በጅምላ መጥላት ልክ አይደለም፤ መጠየቅ ያለበት ፋብሪካው የሠራው ምን እንደሆነና ለማን እንደሆነ ነው።

አራተኛው ምድብ ለምን ተለይቶ እንደሚያሳስብ ካሳዩት ጥናቶች ውስጥ በጣም ጥንቃቄ የተደረገበት እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቨን ሆል የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ያካሄዱት ነው። 20 ጎልማሶች በተቋሙ ውስጥ እየኖሩ ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። በሁለቱም ጊዜ በገበታው ላይ የቀረበው ኃይል፣ ስኳር፣ ቅባት፣ ጨውና አሰር (ፋይበር) ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቅዶላቸዋል። ሰዎቹ የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን በአማካይ 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፣ ክብደታቸውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ጨመረ፤ ያልተቀነባበረውን ሲበሉ ደግሞ በዚያው መጠን ቀነሱ። በጥናቱ የተስተዋለው አንድ ነገር ሰዎቹ የተቀነባበረውን ምግብ በፍጥነት መብላታቸው ነው። ለስላሳና ብዙ ማኘክ የማይጠይቅ ምግብ፣ ሆድ «በቃኝ» የሚል መልእክቱን ለአእምሮ ከማድረሱ በፊት ያልቃል። ቆሎና ንፍሮ የሚበላ ሰው በተፈጥሮው ዝግ ብሎ ለመብላት ይገደዳል።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት ገበታ ልምጣ። ኢንዶሚ የምንለው ፈጣን ኑድል ከተነጠረ የስንዴ ዱቄት ተሠርቶ፣ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ በፓልም ዘይት ተጠብሶ እንዲደርቅ የሚደረግ ነው። ዘይቱ ውኃውን አስወጥቶ ቦታውን ስለሚይዝ ከደረቁ ኑድል ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ቅባት ነው። ከፓኬቱ ጋር የሚመጣው ማጣፈጫ ሲጨመር ባለ 70 ግራሙ ፓኬት እንደ ዓይነቱ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም የሚደርስ ጨው ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ይመክራል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ጥናት የአዋቂዎች አማካይ የጨው አወሳሰድ በቀን 8.3 ግራም እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ጨው በአብዛኛው የሚመጣው ከወጣችን ነው፤ ፓኬቱ የሚጨምረው ቀድሞውኑ በሞላ ላይ ነው። በማጣፈጫው ውስጥ ጣዕም ለማጉላት ስለሚጨመረው ኤም.ኤስ.ጂ. ብዙ ወሬ ይነገራል፤ በተለመደው መጠን መርዝ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ የለም፤ ልጅዎን ከጨውና ከባዶ ዱቄት ለመጠበቅ የሚያውሉትን ሐሳብ በእርሱ ላይ እንዳያባክኑ እመክራለሁ። ይልቅ የሚያስጨንቀኝ በውስጡ የሌለው ነው። ጥራጥሬ የለም፣ አትክልት የለም፣ እንቁላል የለም፤ አሰሩና ብረት ማዕድኑ ከስንዴው ፉርሽካ ጋር ወጥቷል። ቢገደዱ እንኳ ከማጣፈጫው ግማሹን ብቻ ጨምረው፣ እንቁላል ሰብረውበት፣ ጥቁር ጎመን ወይም ካሮት ከትፈውበት ቢሰጡት ሌላ ምግብ ይሆናል።

ሻይ በብስኩት ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፣ በልጆች ቁርስ ውስጥ ይህን የሚያህል ችግር አላየሁምና። ብስኩት ከተነጠረ ዱቄት፣ ከስኳርና በአብዛኛው ከፓልም ዘይት የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከክብደቱ ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ እጁ ስኳር ነው። ሻዩም ስኳር ይጨመርበታል። ከዚህ የሚከፋው ግን በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ የሚያደርግ መሆኑ ነው። ልጁ ጠዋት ከምግቡ የሚያገኘው ብረት ትንሽ ነው፤ ያችንም ትንሽ ሻዩ ይወስድበታል። ሻይ ለልጅ ካልቀረ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይሁን፤ ቢቻል ግን በወተት፣ በአጥሚት ወይም በውኃ ይተካ።

ስለ ታናሺቱ ልጅ ቁመት የጻፉት ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል፤ የሰሜን ሸዋም ትልቁ ጉዳይ ይኸው ነው። ብዙ ሰው የፋብሪካ ምግብ ጉዳት ሲባል ውፍረት፣ ስኳር በሽታና ደም ግፊት ብቻ ይታየዋል። እነዚህም እየመጡ ነው፤ በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው በመውለድ ዕድሜ የሚገኙ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፣ በ2016 ከመቶ 8 ሆነዋል። ነገር ግን በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የማይመጥን ነበር፤ በአማራ ክልል ደግሞ 41 በመቶ። እህል የሚያመርት፣ በግ የሚያረባ፣ ወተት ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አካባቢ ባለበት ክልል ውስጥ ይህ መሆኑ ሊያሳዝነን ይገባል። መቀንጨር የሚባለው ይህ የቁመት ማነስ ከመፀነስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመት ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ በአብዛኛው ይወሰናል፤ ምክንያቱም ብዙ ነው፤ የእናት አመጋገብ፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ንጹሕ ውኃ ማጣት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ብስኩት ልጅዎን አሳጠራት ለማለት አልደፍርም። የምለው ይህን ነው፦ የአራት ዓመት ልጅ ሆድ ትንሽ ነው፣ በቀን የሚበቃት ኃይልም ወደ 1,300 ካሎሪ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 500 ወይም 600ው ከቺፕስ፣ ከጁስና ከብስኩት ከመጣ፣ ዕድገቷ የሚፈልገው ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ ብረትና ካልሲየም በቀረው ትንሽ ቦታ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ጠግባ ታድራለች፤ ነገር ግን ያጠገባት ምግብ አጥንት አይሠራም። እናት ልጇ እንዳልተራበች እያየች ስለምትረጋጋ ይህ ዓይነቱ ጉድለት ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል።

የታሸጉ ጁሶች ላይ «የፍራፍሬ» የሚል ሥዕል ቢታይም ዝርዝሩን ሲያነቡ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ስኳር ያገኛሉ። በዓለም አቀፉ የኮዴክስ የምግብ ደረጃ መሠረት የምርት ዝርዝር የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነውና ሦስቱን የመጀመሪያ ቃላት ብቻ ማንበብ ብዙ ይነግርዎታል፤ ግሉኮስ ሽሮፕ ወይም ማልቶዴክስትሪን የሚል ካዩ እርሱም ከስኳር ወገን ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ለሰባት ዓመቱ ልጅዎ የመጨረሻው ልክ 40 ግራም አካባቢ፣ የተሻለው ደግሞ 20 ግራም ነው። ደማቅ ቢጫና ቀይ የዱቄት ጁሶችን በተመለከተ ታርትራዚን (ኢ 102) እና አምስት መሰሎቹ ማቅለሚያዎች በልጆች ባሕርይና ትኩረት ላይ ተጽእኖ ሊኖራቸው እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እንዲጻፍ ተደርጓል። እኔ ለልጅ አልገዛቸውም።

ጉዳዩ በእርስዎ ቤት ብቻ የሚቆም ስላልሆነ ስለ ማኅበረሰቡም ጥቂት መናገር አለብኝ። አሁን አሁን በከተሞቻችን አራስ ሲጠየቅ በእጅ የሚያዘው የካርቶን ጁስና ለስላሳ ሆኗል፤ ማኅበርና ለቅሶ ቤትም ሳጥን ሙሉ ለስላሳ ይደረደራል። ገንፎና አጥሚት ይዞ መሄድ የድህነት ምልክት መስሎ መታየት ጀምሯል። ልጆች ይህን ያያሉ። የትምህርት ቤት ጓደኛው ምሳ ዕቃውን ሲከፍት የታሸገ ነገር ካወጣ፣ የመንዝ በሶ ያመጣው ልጅ አንገቱን ይደፋል። ልጅዎ በሶውን የጠላው በጣዕሙ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ገንዘቡም የሚሄድበትን ይመልከቱ፦ የሞረትና ጅሩ ገበሬ ጤፍና ባቄላ፣ የመንዙ ገብስ፣ የምንጃሩ ሽምብራ በቅርብ ገበያ እያለ፣ የቤተሰቡ ብር የሚወጣው በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ የፓልም ዘይትና ለስኳር ነው። ያው ዘይት በደብረ ብርሃን ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ሲረጋ ሁላችንም እናየዋለን፤ የሚረጋው ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ሲበዛ ለልብ የማይበጀው ዓይነት ስለሆነ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት በዚህ ረገድ እጅግ ይሻላሉ።

ጾምን በሚመለከት ብዙ እናቶች የሚቸገሩበት ነገር አለ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ውስጥ የጾም ቀናት ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ከ180 ይበልጣሉ። ሕፃናት እስከ ሰባት ዓመት ጾም አይገደዱም፤ ነገር ግን ቤቱ ሲጾም ዕቃው በወተትና በእንቁላል እንዳይነካ ስለሚፈራ ለትንሿ ልጅ የሚሰጠው «የጾም» የሚል የተጻፈበት ብስኩት ይሆናል። «የጾም» መባሉ ቅቤና ወተት የለበትም ማለት ብቻ ነው፤ ስኳሩና ዘይቱ እንዳለ ነው። ለልጂቱ አንድ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይተው ቢያስቀምጡ፣ ከተጠራጠሩም የንስሐ አባትዎን ቢያማክሩ፣ በዓመት ግማሽ ጊዜ ወተትና እንቁላል ከማጣት ያድኗታል። በጾም ወራት ለትልቁም ልጅ ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላ ንፍሮና ሰሊጥ አሉ፤ እህል ላይ የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጥራጥሬ ያሟላዋል፤ ቀደምቶቻችን እንጀራን ከሽሮ ጋር ማዋላቸው በሥነ ምግብ ዓይን ምንም የማይወጣለት ነው።

ወላጅን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም። ሱቁ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተለጥፎ፣ ፓኬቱ በልጅ ኪስ ገንዘብ ልክ ተመጥኖ፣ ውስጡ አሻንጉሊት ተጨምሮበት ሲቀርብ አንዲት እናት ብቻዋን ልትቋቋመው አትችልም። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳርና ጨው በበዛባቸው ምግቦች ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት አስገድዳ እነዚህን ምግቦች ከትምህርት ቤት አስወጣች፤ ሜክሲኮ በ2014 በጣፋጭ መጠጦች ላይ በሊትር አንድ ፔሶ ግብር ጣለች፤ ደቡብ አፍሪካ ከ2016 ጀምሮ ዳቦን፣ ቺፕስንና ፈጣን ኑድልን ጨምሮ በተለያዩ ምግቦች ውስጥ የሚገባውን ጨው በሕግ ወሰነች። እኛም እንዲህ ያለ እርምጃ መውሰድ አያቅተንም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ለልጆች በሚሸጡ ጣፋጮች ላይም ተመሳሳይ ጥብቅነት እንዲኖር ወላጆች በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል መጠየቅ አለባችሁ፤ ሕጉን ሳይጠብቁም ትምህርት ቤቱ በግቢውና በበሩ ላይ የሚሸጠውን መወሰን ይችላል። የፓኬቱ ላስቲክ በበሬሳ ወንዝ ዳርና በግጦሽ ላይ ተበትኖ ላሞችና በጎች መዋጣቸው፣ ጨጓራቸውም ውስጥ ተጠቅልሎ መቅረቱ ራሱን የቻለ ጉዳት ስለሆነ በዚሁ አልፈዋለሁ።

ወደ አያታቸው በሶ ልመለስ። ገብስ ቤታ ግሉካን በሚባል የሚሟሟ አሰር የበለጸገ ስለሆነ ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ያቆየዋል። በሶ ለመሥራት ገብሱን ማጠብ፣ መቁላት፣ መፈተግና ማስፈጨት ይጠይቃል፤ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ግን እሳት አይፈልግም፣ ጠዋት ለጥድፊያ ከኢንዶሚ ይፈጥናል። ለልጆቹ በጥብጠው በወተት ያቅርቡላቸው፤ ወይም በጥቂት ዘይትና ማር ለውሰው ትናንሽ ጭብጦ ያድርጉትና ትልቁ ልጅ ራሱ እንዲያድቦለቡል ይፍቀዱለት። በመጀመሪያው ቀን ቢተፉት ተስፋ አይቁረጡ፤ ልጅ አዲስ ጣዕም ለመቀበል ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጊዜ መቅመስ እንደሚያስፈልገው የልጆችን አመጋገብ ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው አይተዋል። ማስገደድ ግን ጥላቻውን ያጸናዋል። የአያት እጅ ከጠፋም የባልትና ቤት በሶ አለ፤ ያም የታሸገ ነው፣ ከማንኛውም ብስኩት ግን ይበልጣል። ስለ ቆሎው አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የደብረ ሲና ቆሎ ለሰባት ዓመቱ ልጅ ጥሩ መክሰስ ነው፤ ለአራት ዓመቷ ግን ሙሉ ቆሎና ለውዝ ጉሮሮ ሊያንቅ ስለሚችል በዚህ ዕድሜ አይስጧት፤ ለእርሷ ቂንጬ በወተት፣ ተፈጭቶ የተለወሰ ባቄላ ወይም ገንፎ ይሻላል።

ሁሉንም ፓኬት በአንድ ቀን ከቤት ማስወጣት አይጠበቅብዎትም፤ ብዙ ቤተሰብ እንዲያ ጀምሮ በሳምንቱ ይተወዋል። በመጀመሪያ የቁርሱን ሻይና ብስኩት ይተኩ፣ ምክንያቱም በየቀኑ የሚደጋገመው እርሱ ነው፤ ቀጥለው ጁሱን በውኃ፤ ኢንዶሚውን ደግሞ እንቁላልና አትክልት እየጨመሩ በሳምንት ወደ አንድ ቀን ያውርዱት። ትንሿን ልጅ ግን ይህ እስኪሆን ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ክብደቷን ብቻ ለክተው «ደህና ናት» ቢሉዎት አይበቃም፤ ቁመቷ ተለክቶ ከዕድሜዋ ጋር እንዲነጻጸር፣ የደም ማነስና የአንጀት ጥገኛ ትላትል ምርመራም እንዲደረግላት ይጠይቁ፤ የክትባትና የእድገት መከታተያ ካርዷን ይዘው ይሂዱ፣ የቀድሞ ክብደቶቿ ከተመዘገቡ ባለሙያው ዕድገቷ መቼ እንደዘገየ ከዚያ ማየት ይችላል።